«እና ሌሎች» ስለተባለችው ዴልፊን

አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሐፍረቴን ሹክ ልበላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ የፎቶ ዐውደ ርእይ ላይ አብረውኝ የመጡትን ጎረቤቴን፣ ጥቁር አሜሪካዊቷን እማማ ቬርኔታን፣ «ፎቶው ተከለለብኝ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አልኳቸው። ፈቀቅ አሉልኝ። ፎቶው ውስጥ ያሉት እሳቸው ነበሩ።

ይድረስ ለተከበሩ የዐውደ ርእይ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ ብርድ ጉልበትዎም የመኪናዎ ባትሪም እንዳይከዳዎ ምኞቴ ነው።

አንደኛ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ጥር ላይ፣ ጥቁር ልጆችን በማያስገባ የስኬቲንግ አዳራሽ ደጃፍ፣ ሁለት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረዶች መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ይዘው የቆሙበትን ፎቶ ስለሰቀሉልን አመሰግናለሁ። ከሥሩም «ፓስተር ሂግስ እና ሌሎች» ብለው ማስጻፍዎ እጅግ አስተማሪ ነው። ፓስተሩ ለፎቶው ብቻ ብቅ እንዳሉ፣ የመኪናቸውንም ሞተር እንዳላጠፉ ሰምቻለሁ፤ ሐሜት ይሁንብኝ።

ሁለተኛ፣ እማማ ቬርኔታ የራሳቸው ስም ይጻፍልኝ ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት አጠገባቸው የቆመችውን የዴልፊንን ነው፤ በዚያው ሰልፍ ምክንያት ከትምህርት ቤት ተባርራ፣ ሳትመለስ በወጣትነቷ የሞተችውን። እርስዎም በትሕትና «ማንነቷን የሚያረጋግጥ ሰነድ» እንዲቀርብ አዘዙ። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። እኛ ከስደተኛ ካምፕ ስንመጣ አገርዎ ያለ አንዳች ሰነድ ግማሻችንን በወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ ቀን ወልዶናል፤ ጓደኛዬ ማሚት፣ ባሏና የበኩር ልጇ ልደታቸውን በአንድ ኬክ ነው የሚያከብሩት። ለአንዲት ልጅ ስም ግን አጠገቧ የቆሙት ሴት ቃል አልበቃም።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ልናደድ አስቤ ነበር፤ ንዴቱ አልመጣም። እማማ ቬርኔታም «ኢትስ ኦኬ፣ ሃኒ» ብለው እስከ ሰፈራችን ሮዝቪል ድረስ በአውቶቡሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ነበር። ሦስተኛውን እርስዎ ይሙሉት።

ለታሪክ ስለሚያደርጉት ጥንቃቄ ጎንበስ ብላ የምታመሰግንዎ፣ ከተፈለገም መታወቂያዋን ከነፎቶ ኮፒው የምታቀርብ፣
ሮማነወርቅ

ሳልረሳው፦ እማማ ቬርኔታ ያዋሱዎት የዴልፊን ካርቶን በመስታወት ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ከጎኑም «ካርቶን፣ የግድግዳ ቀለም፣ የጥድ እንጨት እጀታ» ተብሎ ተጽፎለታል። የእንጨቱ ዘር ሳይቀር ታውቋል፤ ያውም ያለ ሰነድ። እስከ መጪው ቅዳሜ የዴልፊን ስም ካልተጻፈ ካርቶኑን ልንወስድ እንመጣለን። የአውቶቡሳችን ሹፌር ያደታም «እቴ፣ ቢረዝምም ችግር የለም፣ ከኋላ ወንበር ላይ አጋድሙት» ብሎናል። አንባቢዎቼ፣ ካርቶኑን ይዘን መመለሳችንን ወይም እዚያው መተዋችንን እጽፍላችኋለሁ።