በጀሶ የቀረ እግር

ቆቦ፣ የካቲት 1980 ዓ.ም.

ውድ ዘይኑዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ቀበሌ እንዳስተማረን «አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ወደ ሰሜን ለሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው የምሰጠው። እሱ ለሌላ ይሰጠዋል፣ ያም ለሌላ። ያለፉትንም እንዲሁ ነው የላክኋቸው፤ መልስ አልመጣም። በእነሱ ላይ «እኛ ደህና ነን» እያልኩ ነበር የምጽፍልህ። ዛሬ እንደዚያ አልልህም። የምነግርህ ነገር አለ፤ ግን መጀመሪያ ያን ቀን ላንሳው። አንተና እኔ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተነጋግረን አናውቅም።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ታረቀኝ ከደሴ መጥተው ትምህርት ቤታችን ውስጥ የወንጀል ምርመራ ክበብ ሲያቋቁሙ፣ አንተ ከዋጃ መጥተህ ቤት ተከራይተህ የምትማር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የምትፈታ ልጅ ነበርክ። እኔ ደግሞ ከቤት መውጫ ሰበብ እፈልግ ነበር። ቦታውን በገመድ ማጠር፣ የእርሳስ ዱቄት ነስንሶ የጣት አሻራ ማንሳት፣ ምስክርን ሳያስፈራሩ መጠየቅ አስተማሩን። ጀሶ በጥብጠን ዱካ ላይ ስናፈስና ደርቆ ሲነሳ፣ የሰውየው እግር ራሱ ተቀርጾ ሲወጣ ጊዜ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንተ ግን ሳቅክ። «እኛ አገር ከብት ሲዘረፍ ገመድ ስናጥር አንውልም፤ ዱካውን ይዘን እንሄዳለን» አልክ።

አባትህ ዱካ አንባቢ ነበሩ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ከኋላቸው አስከትለውሃል። ሕጉን እኔም ከእናቴ ሰምቼዋለሁ፤ በኛ ቆላ የማያውቀው የለም። ዱካ የያዘ ሰው አንገቱን ቀና አያደርግም፣ ቢጠሩትም አይመልስም። ዱካው የገባበት ደጅ ቆሞ ይጣራል። ባለቤቱ ወጥቶ ዱካው በየት በኩል እንደወጣ ማሳየት አለበት። ማሳየት ካልቻለ ሌባው ያለው እሱ ቤት ነው።

የውድድሩ ዕለት፣ ጥቅምት 1978፣ የትምህርት ቤቱ ከበሮ «ተሰረቀ»። ሌባ ሆኖ የሚጫወት አንድ ፖሊስ ነበር። ከበሮውን ቀድሞ ያገኘ ቡድን ደሴ ሄዶ ይወዳደራል ተባለ፤ አንተና እኔ አንድ ቡድን ነበርን። እኔ ደሴን አይቼ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላየሁም።

ከበሮው ከነበረበት መጋዘን ጀርባ፣ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ አሸዋ ከተኛበት ላይ ተቀመጥክና ጠራኸኝ።

«ኡሙሃኒ፣ ነይ እስቲ ይሄን እዪ። ያኛው ጫማ ያደረገ ነው፤ እንደ ልቡ ነው የሄደው። ይሄኛው ባዶ እግሩን ነው፤ በጣቱ ነው የሚረግጥ። ሌባስ ይሄ ነው።»

«ሜዳ የወጣ ሰው ይሆናላ!»

«ሜዳ የወጣ ሰው ምን ያስፈራዋል? እዪ፣ እዚህ ጋ ቆሞ ወደ ኋላው ዞሯል። እግሩ ሙሉውን አርፏል።»

ያን የቆመበትን መረጥን። እኔ ጀሶውን በጠበጥኩ፣ አንተ አፈሰስክ። መጠንከር ሲጀምር ጀርባውን በጣቶችህ ጫን ጫን አድርገህ አስተካከልከው። ሲደርቅ አንስተን አሸዋውን አራገፍንለት። ሰፊ ተረከዝ፣ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ትንሽ ጣት። በአንድ መደብ አብሮኝ ያደገው የወንድሜ የእንድሪስ እግር ነበር፤ እኔም በእጄ ይዤው አላወቅሁትም። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እንድሪስ እቤት መኖሩን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲወጣ እናቴ «ጅቡቲ ሄደ» ብላ አስወራችና ከበረቱ ውስጥ፣ ከማሽላ አገዳው ክምር ጀርባ ደበቀችው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ሲያፏጭ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ከተደበቀ ወዲህ ማፏጨት ተወ። ጎህ ሳይቀድ ብቻ ለጉዳዩ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ለአንተ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ መሰለህ። እናቴ በቁርኣን አስምላኝ ነበር።

ዱካው ከመስጊዱ ጀርባ ታጥፎ ወደ ሰፈራችን ሲያመራ የማን እንደሆነ ገባኝ።

«ዘይኑዲን፣ ተው፣ ከበሮው በዚህ አይደለም» አልኩህ። አልመለስክልኝም። ሸሚዝህን ያዝኩ፤ ትከሻህን ነቅነቅ አድርገህ አስለቀቅከኝ። ዱካ ይዘሃልና አትሰማኝም። ከኋላችን መቶ አለቃው፣ የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የቀበሌ ጥበቃዎችና ግማሹ ተማሪ እየተንጋጋ ይከተላል። ደጃችን ስትደርስ ቆምክ፤ አባትህ እንዳስተማሩህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተጣራህ።

«ዱካ ገብቷል! ባለቤት፣ ዱካ አውጡልን!»

እናቴ ውዱእ እያደረገች ነበርና ክንዷ እንደረጠበ ወጣች። አየችኝ። ከዚያ ማንንም ሳታናግር አጎንብሳ አጥሩን ዞረች፤ የወጣ ዱካ ፍለጋ። እንደሌለ እያወቀች ዞረች። ተመልሳ ደጇ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ሌባ ደብቀዋል ማለት ነዋ!» ብለው ቀለዱ መቶ አለቃው፤ ሰዉም ሳቀ። ዱካ ማውጣት አቅቷት ደጇ ላይ መሳቂያ መሆን ለራያ ሴት ምን ማለት እንደሆነ ከሌላ አገር የመጡ ሰው ከየት ያውቁታል? እንድሪስ ግን ያውቃል። የበረቱ በር ተከፈተ። አገዳ ጸጉሩ ላይ እንደተሰካ ወጣ።

«ዱካው የኔ ነው» አለ። «እናቴ ሌባ አልደበቀችም።»

ተማሪው አጨበጨበ፤ የተውኔቱ ሌባ መስሎት። አንተም በደስታ ሁለት እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ወደ እኔ ዞርክ። ፊቴን ስታይ እጅህ እዚያው ቀረ። መቶ አለቃው ዝግ ባለ ድምፅ «ይሄን ልጅ እኔ አላስቀመጥኩትም» አሉ። ሊቀ መንበሩ ግን ድምፁን ዝግ አላደረገም። «የምልመላ ወረቀትህን አሳየኝ!» አለው።

ከበሮውን ሌላው ቡድን ከድልድዩ ሥር አገኘው። ደሴ የሄዱት እነሱ ናቸው። እንድሪስን ከሌሎች ልጆች ጋር መኪና ላይ ጫኑት፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ አፏጨ። እናቴ ፉጨቱ እስኪጠፋ አስፋልቱ ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ አንተ ጀሶውን በነጠላ ጠቅልለህ መጣህ። እናቴ እግር ሥር አስቀመጥከው። «ዱካውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የማወጣውም እኔ ነኝ» አልካት። «አብሽር ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው» አለችህ። አልሰማሃትም። ትምህርትህን ትተህ፣ ማንም ሳያስገድድህ ሄደህ ለውትድርና ተመዘገብክ። በሹፌር የላክኸው መልእክት ደርሶናል። «ዱካው ላይ ነኝ በሏቸው» ብለሃል። ልጠላህ ሞክሬ ነበር ዘይኑዲን። አልሆነልኝም። እንዲያውም በጣም እወድህ ነበር፤ አሁን ብናገረው የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

እንግዲህ ወሬው ይኸውልህ። ጋሹ የሚባል የሮቢት ከተማ ልጅ አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ ተመልሷል። ከወንድሜ ጋር በአንድ መኪና ነው የተጫነው። ሄጄ ጠየቅሁት።

«ልብስ ሰፊው? የሚያፏጨው?» አለኝና አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ እሱኮ ጦር ሜዳም አልደረሰ። ማሠልጠኛው እንደገባን በሽታ ገባብን፤ ጠብመንጃ እንኳ ሳይሰጡን ሞተ። አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ?» አልኩት።

«በዚያው ኅዳር።»

አንተ የተመዘገብከው ታኅሣሥ ላይ ነበር። አንተ ዱካውን ልትይዝ ስትነሳ እሱ አፈር ከለበሰ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ የምትፈልገው የለም። የሄድክበት ሁሉ በከንቱ ነው። ሌላ አነጋገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ኢና ሊላሂ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አትናገርም። ለእናትህም ነገርኳቸው። እትዬ ሲቲ ገበያ በመጡ ቁጥር ቤታችን ጎራ ብለው «ልጄ ልጅሽን አገኘው ወይ?» እያሉ እናቴን ይጠይቁ ነበር፤ ሲያገኘው ይመጣልኛል ብለው። ስነግራቸው «እንዲያ ከሆነ የኔው ምን ይጠብቃል? ለምን አይመጣም?» አሉኝ። ካንተ ወሬ ከተቋረጠ ዓመት አልፎናል።

ጀሶውን አሳዩኝ አሉ። አገላብጠው አዩትና ጀርባው ላይ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነገር ነኩ። «ይሄስ የማን ነው?» አሉ። «የዘይኑዲን ጣት ነው፤ ያኔ ሲያስተካክለው» አልኳቸው። ጣታቸውን በጣትህ ቦታ አንድ በአንድ አስገቡ። «አንቺስ እግሩ ቀረልሽ፤ እኔ ይሄ መኖሩንም አላወቅሁ» አሏት እናቴን። እናቴም «እህቴ፣ አንቺም ውሰጂው» አለች። አሁን ከገበያ እስከ ገበያ ይቀባበሉታል፤ አንዴ ቆቦ፣ አንዴ ዋጃ። መንገዱ እየጎዳው ነው። ትንሿ ጣት ተሰብራለች፤ ተረከዙም እየተፈረፈረ ነው።

እናቴ የምጽፈውን ስትሰማ እንዲህ በይልኝ አለችኝ፦ «ዱካው ወጥቷል። ደጃችን ነጻ ነው፤ አንተም ነጻ ነህ። ተመለስ።» ዱካ ለያዘ ሰው ይህን ሊለው የሚችለው ባለቤቱ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። እሷ ብላሃለች። ባይደርስህም ብላሃለች።

እኔ ይደርስሃል ብዬ አላምንም። ባለፈው ገበያ እናትህ ጀሶውን ሲቀበሉ በጀርባው ገልብጠው፣ ጣትህ ወዳለበት አድርገው ታቀፉት። በሚቀጥለው ገበያ እናቴ ስትቀበል እግሩ ወዳለበት መልሳ ትገለብጠዋለች።

ከቡድንህ የቀረሁት፣
ኡሙሃኒ