የጉማሬው በር

ዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር
ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአስናቀ ቢያዝን፣ ታንዛንያ፤

እንደምን ከርመሃል የእናቴ ልጅ? የሰው አገር እህል ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሁለት ደብዳቤ ጽፌልህ ሁለቱንም ቀደድሁ። ይኸኛውን ግን አልቀድም፤ የጉማሬውን ነገር ከሌላ ሰው አጣመህ ከምትሰማ ከእኔ ስማው።

በነሐሴ በቆሎው እሸት ሲይዝ ያ የምታውቀው ጉማሬ መውጣት ጀመረ። የእኛን ሲሦውን በላ፤ የጎረቤታችንን የአስማማውን ከነአገዳው ጨረሰው። አስማማው ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ አብዮት ጥበቃ ሆኗል፤ ምንሽር ይዟል። አራት ልጅ አለው። ለመንግሥት የማስረክበውን ኮታ ጉማሬ በላብኝ ቢል የሚሰማው እንደሌለ ያውቀዋል። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ እገድለዋለሁ አለ። ሊቀ መንበሩ ጉማሬ መግደል እንደሚያሳስር ቢናገር ሰዉ አጉረመረመ፤ አውሬው ሲጠበቅ እኛን ማን ይጠብቀን አሉ። ምን ይበሉ? አንተም ብትሆን በባዶ ሆድህ ጉማሬ አትወድም።

ያን ጊዜ አባባ ተነሥተው የዱር አራዊት ጥበቃ የሚማረው ልጄ የጻፈውን ስሙ አሉ፤ ደብዳቤህን አነበብሁላቸው። ጉማሬ ቦይ አይሻገርም፣ በማሳውና በሐይቁ መካከል ቆፍሩ፤ የሚመላለስበትን መንገድ ግን ግራና ቀኙን እየቆፈራችሁ እሱን ክፍት ተዉት፣ ወደ ሳሩ ይለፍ ብለሃል። ይኸን ሳነብ ሳቁ። ለሌባ በር የሚተው ማን ነው? አባባም አብረው ሳቁ። ዐሥራ ሁለት ቀን ቆፈርን፤ የመጨረሻዋን ክፍተት፣ ያችኑ መንገድ፣ አባባ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ዘጓት።

ለካ ጉማሬው ሐይቁ ውስጥ አልነበረም። ክረምት ክረምት ከማሳው ኋላ ካለው ኩሬ ይተኛ የለ? እዚያ ቄጠማው ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ሲመለስ ቦዩ ጠበቀው። የቦዩን ዳር ይዞ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ የቀረውን በቆሎ ይረግጣል። ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ሴቶች እንስራቸውን ጥለው ሸሹ። አስማማው ምንሽሩን አቀባበለ። እኔም በልቤ በለው፣ በለውና ይገላግለን አልሁ፤ አልዋሽህም።

አባባ አካፋቸውን ይዘው ወደ ቦዩ ወረዱ።

«ቆይ አስማማው፤ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ» አሉ።

አፈሩን ወደ ውስጥ ይንዱት ጀመር። አስማማው ይውጡ እያለ ይለምናል፤ እሳቸው መሀል ስላሉ መተኮስ አልቻለም። እማማ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። ቦዩ ሁለት ክንድ ያህል እንደ ተደለደለ ጉማሬው አየው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል! አባባ ሳይወጡ በዚያው አለፈና ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ስለ አባባ አታስብ። ተጎድተው ነበር፤ አሁን ሕመም የለባቸውም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ ጉማሬው ይገደል ብሎ ተነሣ፤ ሊቀ መንበሩም እንዳልሰማ ዝም አለ። እማማ ስብሰባው መሀል ገብታ፣ «እሱ ያሻገረውን እናንተ አትመልሱብኝ» አለች። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። አሁን መንገዱ እንዳልኸው ክፍት ነው፤ ጉማሬው በዚያው ወደ ሳሩ ይሄዳል። ይጠቅም አይጠቅም ለከርሞ እናየዋለን፣ ዘንድሮ የሚጠበቅ በቆሎ የለም። የአስማማው ልጆች ግን ከርሞን ጠብቁ ቢሏቸው አይገባቸውም። ስለዚህ ትምህርትህን ስትጨርስ ለጉማሬው ብቻ ሳይሆን ለእነሱም የሚሆን ነገር ይዘህ ና። ባዶ እጅህን ከመጣህ ከእኔ ጋር አንነጋገርም።

የእኛን ማሳ አሁን የሚያርስልን አስማማው ነው። ሳንጠራው በሬዎቹን ነድቶ መጣ። ፊታችንን ግን አያይም።

የምትመጣ ጊዜ ከአውቶቡስ ወርደህ በቀጥታ ወደ ቤት አትምጣ። ሹም አቦ ሰፈር ካለው አጎታችን ከመርስዔ ኀዘን ዘንድ እደር፤ ጠዋት እሱና ሽማግሌዎቹ ይዘውህ ይመጣሉ። ለምን አትበለኝ፣ እሺ በለኝ።

እማማ ጉንጭህን ትስማለች። አስማማውም ሰላም ብሎሃል። በሄድህበት መንገዱ አይዘጋብህ፤ የአገርህን አፈር በደኅና ያስረግጥህ።

እህትህ ሰገነት ቢያዝን

ልጨምር፦ ፎቶግራፍ ተነሥተሽ ላኪልኝ ላልኸኝ፣ ፀጉሬ እስኪያድግ ታገሠኝ።