የእማዬ ጽጌረዳዎች ተነስተዋል

ውድ ጋሼ፣

ልቆጣህ ነበር ወረቀት ያወጣሁት፤ ደስታዬ ግን ቀደመኝ። አቆጥቁጠዋል! የእማዬ ጽጌረዳዎች፣ አስራ አንዱም! ወረቀቱ ላይ የምታየው ጭቃ የጣቴ ነው፤ እጄን እስክታጠብ እንኳ አላስቻለኝም።

ቁጣውም አለ፤ አልተውኩትም። እማዬን ከቀበርን ዓመት ሳይሞላ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክፍል ልታሠራ ስትነሳ አንዲት ቃል አልጠየቅከኝም። ይባስ ብለህ ፎርማኑን "እህቴን አትስማት፤ እሷ የምታውቀው መጽሐፍ ነው" አልከው። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ዕፅዋት ሥር ተምሬ የገዛ ወንድሜ በቤቴ ሥር የለሽ አደረገኝ!

ቀጥለህ በስልክ "መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጽጌረዳዎቹን አንሱልኝ" ብለህ አዘዝከው። በማግስቱ ምን ሲያደርግ አገኘሁት መሰለህ? ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳቸው!

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ወንድምሽ አንሱልኝ ብሎኝ ነዋ! ይቺኛዋ ትንሽ ደበዘዘች፤ ልድገማት።"

"ንቀሉ ማለቱ እኮ ነው።"

"ታዲያ ንቀሉ አይልም? አፍ የለውም?"

ሳቄ ሲያባራ ቆርጬ ተነሳሁ። "አንሱ ካለማ እናነሳቸዋለን፤ ከነሥራቸው፣ ከነአፈራቸው።"

"እህትዬ፣ አርማታው ሐሙስ ነው የሚሞላው።"

"ረቡዕ ቦታውን ባዶ ታገኘዋለህ።"

አፈሩ ሥሩን እንዲይዝ ውኃ አጠጣኋቸው፤ እስከ ጉልበቴ ቁመት ቆረጥኳቸው። ስመልሳቸው እንዳላዞራቸው ፀሐይ መውጫ በሚያየው ጎናቸው ቀይ ክር አሰርኩ። ዙሪያቸውን በሰፊው ቆፍረን በጆንያ ጠቅልለን ከጓሮ፣ ጥላው ሥር፣ በጊዜያዊ ቦይ አፈር አለበስናቸው። ፎርማኑ የመጨረሻዋን ታቅፎ ሲያልፍ "የወለድኩትን ልጅ እንኳን እንዲህ አልተሸከምኩም" ብሎ አጉረመረመ።

በሳምንቱ ቅጠላቸው እንዳለ ረገፈ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ደረቅ እንጨት ብቻ። ፎርማኑ "ማገዶሽ እንዴት አደረ?" እያለ ይቀልድብኝ ጀመር። ልንገርህ ጋሼ፣ ከሞታቸው ይልቅ የፈራሁት "አላልኩሽም?" የሚለውን ድምፅህን ነበር። እማዬን ሁለተኛ የቀበርኳት እኔ ራሴ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ፎርማኑ ከጓሮ ጮኸ። "ነይ ቶሎ! ማገዶሽ ዓይን አወጣ!" በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ክብሪት ጫፍ የሚያህል ቀይ ቡቃያ፣ በእያንዳንዱ ግንድ ላይ! እኔን ስትሰድበኝ የኖርክበት ስም አይደል? ዓይን አውጣ። እነሱም የእኔ ቢጤ ሆነው አረፉት።

እንግዲህ ስማኝ። ከአዲሶቹ ክፍሎች መስኮት ሥር ሲሚንቶ ይፍሰስ ብለህ ያሳልከውን ከፕላኑ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ግንቡ እንዳለቀ የሚተከሉት እዚያ ነው። ፎርማኑም ተስማምቷል፤ ባይስማማም ያው ነበር። መቆጣት ካማረህ መጥተህ ተቆጣ። ይቅርታ እንድትለኝ አልጠብቅም፤ ጉድጓዱ ግን አስራ አንድ ነውና አካፋ ይዘህ ና።

እህትህ፣
የቤቱ እኩል ባለቤት