ጭራቁ ዛሬም የሚያየው እሱን ነው

ለተከበረው የጨዋታው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ የተሟላ፣ ወንበራችሁ የተመቸ፣ ኢንተርኔታችሁም የማይቆራረጥ እንዲሆን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ምስማር፣ ቀለምና ቁልፍ ሸጬ የማድር ነጋዴ ነኝ፤ ሱቄን ስዘጋ ደግሞ እናንተ በፈጠራችሁት ዓለም ውስጥ የአንድ ትንሽ ቡድን ፈዋሽ ነኝ። በመጪው ሰኞ «ብልሽት» ልታርሙልን ስለተነሣችሁ በአደባባይ ላመሰግናችሁ ወደድኩ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በቡድን ጭራቅ ሲገጠም አንድ ሰው ጋሻ ይዞ ከፊት ይቆማል። ሥራው መግደል ሳይሆን ጭራቁን እየሰደበና እየጎነተለ ዓይኑን በራሱ ላይ ማስቀረት ነው። ጭራቁ እሱን ሲደበድብ ሌሎቹ ከኋላ ይወጉታል፤ እኔም ቁስሉን እየፈወስኩ አቆመዋለሁ። የእኛ ጋሻ ያዥ የታናሽ እህቴ ባል ነበር፤ «ግድግዳው» እንለዋለን። አብረን በምንሠራበት ሱቅም ያው ነበር። የተናደደ ገዢ ሲገባ «ና ወደኔ ወንድሜ፣ እኔን ስደበኝ፤ እሱን ተወው፣ ሒሳብ ይምታታበታል» እያለ እስከ በሩ ይዞት ይሄዳል።

በመጨረሻው ግጥሚያችን ትግሉን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው የቀለም ጣሳ ከመደርደሪያ ሲያወርድ ልቡ ቀጥ አለ። ከለቅሶው በኋላ ተመልሰን ስንገባ ጭራቁ እኛን ቀና ብሎም ሳያይ አልፎን ሄደ፤ ግድግዳው ዘወትር ይቆምበት ወደነበረው ምሰሶ ሥር። እዚያ ማንም የለም። ጭራቁ ግን ይደበድባል፣ የጋሻውም ድምፅ ይሰማል።

አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ. የሟቹ ስም ከጭራቁ ዓይን ሳይነሣ መቅረቱን «ጥቃቅን ብልሽት» ብላችሁታል። እኛ ምን ብለን እንደምንጠራው ጨንቆን ነበርና እናመሰግናለን።

2ኛ. በሌለ አባል «ያልተገባ ጥቅም» አግኝታችኋል ብላችሁ አስጠንቅቃችሁናል። ጭራቁ ጀርባውን ሰጥቶን ሲቆም ጥቅሙ ታይቶኛል፤ ነጋዴ ነኝና አልክድም። ሆኖም እስካሁን ማናችንም አልወጋነውም፤ ጭራቁ ከሞተ ግድግዳውን የሚያይ ማን ይቀራል? ቀልደኛው የቡድናችን አባል፣ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «አንተ ሰውዬ፣ ሞተህም ለሰው ተራ አትለቅም?» ካለ በኋላ ማይኩን ዘግቶ ቀረ። እኔም እጄ ስለለመደ ወደ ባዶው ቦታ ፈውስ እልካለሁ፤ ጨዋታችሁም «የሚፈወስ ሰው የለም» ብሎ ይመልስልኛል። ስለ ግልጽነታችሁ ምስጋና ይገባችኋል።

3ኛ. እህቴ በሕይወቱ ሳለ «ከኔ ፊት የጭራቅ ፊት ይሻልሃል» እያለች ትነዘንዘው ነበር። አሁን በሱቁ ኮምፒውተር፣ መሣሪያ እንኳ ሳትይዝ ትገባና ከዚያች ቦታ ኋላ ትቆማለች። ጭራቁ አይነካትም። «አየህ፣ ገና አልደከመውም» ትለኛለች። ሰኞ ስሙን ስትሰርዙት ግን ጭራቁ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

4ኛ. ይህን አስረድቼ ስሙን እንድትተዉት ብለምናችሁ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው የአካውንቱ ባለቤት ራሱ እንደሆነ ገለጻችሁልኝ። ባለቤቱ ሞቷል ብዬ ብነግራችሁ ደግሞ፣ በምሥጢር ቁጥሩ ገብቶ መሞቱን እንዲያረጋግጥ ጠየቃችሁ። ይህን ያህል ጥንቃቄ በባንክ እንኳ አላየሁም።

ስለዚህ ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም። እህቴን ሰኞ አትግቢ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። የፈዋሽነት ዕቃዬን ሸጬ ጋሻ ገዝቻለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ሲጠፋ ስድብ እለማመዳለሁ። አልችልበትም፤ ከኋላዬ ሆኖ የሚፈውሰኝም የለም። ይሁንና ጭራቁ ቀና ሲል ከእሷ በፊት እኔን ያገኛል።

ጀርባዬን ለጽሕፈት ቤታችሁ፣ ፊቴን ለጭራቃችሁ ሰጥቼ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

ታዛዣችሁ፣
የቀድሞው ፈዋሽ

ማስታወሻ፦ «ከጠፋህ ቆየህ፤ ናፍቀኸናልና ተመለስ» የሚለው ለግድግዳው የላካችሁት መልእክት ዛሬ ጠዋት እህቴ እጅ ባለው ስልኩ ደርሷል። አንብባው ስታበቃ «እነሱም ይጠብቁታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደፊት ለእሱ የምትሉት ቢኖር እስከ ሰኞ ድረስ ለጭራቁ ንገሩት። ከመሥሪያ ቤታችሁ ግድግዳው የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።