ድምፁ አለ፣ አውሮፕላኑ የለም

ጌትዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሁድ እዚሁ ግቢያችን ድንኳን ጥለን አወጣን። ሰው ሞልቶ ነበር፣ ደስ ይበልህ። ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። የእሁዱ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ ካንተ ሌላ የምነግረውም ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ ሰላም ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ኃላፊ ሆናለች። ጎረቤታችን ፎቁን ጨረሰ፤ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ፀሐይ አይገባም። አንተ የወደቅክበት ቦይ ደግሞ ተከደነ። አዎ፣ ተከደነ! ስንጮህ ስንጮህ አፉን ከፍቶ የከረመው ጉድጓድ፣ አንተን ከቀበርን በኋላ ወፍራም የሲሚንቶ ክዳን ተደረገለት። ሰው ሁሉ ይረማመድበታል። እኔ ዞሬ ነው የማልፈው።

እንደኛ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ቦሌ ሚካኤል የሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ለምዶ ቀና አይልም። አንተ ግን ግንባር ላይ የአየር መቃወሚያ ተኳሽ ነበርክና ዓይንህ ሁሌ ሰማይ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠህ፣ ይሄ የጭነት ነው፣ ይሄ የሰው ነው፣ ይኸው ጎማውን ዘረጋ ትለኝ ነበር። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሺ፣ እሺ እልሃለሁ። ከጦር ሜዳ ይዘኸው የመጣኸው ሕመም፣ የሞቱት ጓዶችህ እየተጣሩ እንቅልፍ የነሱህ ያ ክፉ ጊዜ፣ በመድኃኒቱ ጋብ ብሎልህ ስንት ዓመት በሰላም ኖርን።

ከዚያ ሰው ከጎንህ ሲመጣ መደንገጥ ጀመርክ። የበሩን መቃን በትከሻህ ትገጫለህ፣ ያስቀመጥኩልህን ብርጭቆ ትደፋለህ፣ የምታውቀውን ሰው ሰላም ሳትል ታልፋለህ። ሰፈሩ ምን አለ? በሽታው ተነሳበት! ወደ አእምሮ ሐኪሙ ሄድን። ምን አዲስ ነገር አለ ብሎ ሲጠይቅህ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ፣ ድምፁን እሰማለሁ ዶክተር፣ አውሮፕላኑን ግን አላየውም አልከው።

ሰው ዓይኔ ጠፋ ብሎ ከዚህ በላይ እንዴት ይናገር? እሱ ግን ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል ብሎ መድኃኒቱን ጨመረ። ኧረ ዶክተር፣ ቤታችን ቦሌ ሚካኤል ነው፣ አውሮፕላኑ የእውነት ነው ስለው፣ እናቴ ይረጋጉ አለኝ። እኔ ልረጋጋ! ትንሽ ብቆይ ለኔም ክኒን ያዝልኝ ነበር። አንተ ደግሞ እሺ ዶክተር ብለህ ብድግ! በዚህስ ዛሬም እናደድብሃለሁ። ወጡ ጨው በዛበት ብለህ ቤቱን ቀውጢ የምታደርግ ሰው፣ ነጭ ጋዋን ስታይ የአለቃ ትእዛዝ የደረሰህ ትመስላለህ።

የተጨመረው ክኒን ቀኑን ሙሉ ያስተኛህ ጀመር። በቀጠሮ ስንመለስ ያንኑ አልክ፣ ያንኑ ጨመረ። አንድ ቀን እንኳ ጣቱን ከዓይንህ ጎን አንስቶ ይታይሃል ወይ አላለህም። ጥርሱን ያመመው ሰው ጥርሱ ይታይለታል። አንዴ የአእምሮ ሕመምተኛ ከተባልክ ግን ዓይንም የለህም፣ ጥርስም የለህም፤ ሁለመናህ ጭንቅላትህ ነው። ለአገር ብሎ ሰማይ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ዓይኑን የሚያይለት ይጣ? አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው።

በኋላ ሰላም ከሥራ ቀርታ ሦስታችን ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ግላኮማ ነው አለች ሐኪሟ። ዓይንህ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ፣ እይታህን ከዳር ከዳር እየበላው መጥቶ የቀረችህ የመሃሏ ብቻ ናት። የጠፋው አይመለስም፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ግን በጠብታ እናቆየው ነበር አለችን። ቀደም ብላችሁ! አንተ ግን ስንወጣ እጄን ያዝ አድርገህ፣ አየሽ፣ አልተነሳብኝም አልከኝ። ዓይኑ መጥፋቱን ሰምቶ ፊቱ የበራ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም።

ያቺ ደስታህም አልቆየች። ዳቦ ልትገዛ ብለህ በጠራራ ፀሐይ ወጣህ፤ እግርህ ሥር ያለውን ቦይ አላየኸውም። ሰፈሩስ? እብደቱ ተነስቶበት ራሱን ጣለ አለ።

እሁድ ድንኳኑ ውስጥ ይህንኑ በጆሮዬ ሰማሁት። አንዲት ጎረቤታችን አፏን ሞልታ እየበላች፣ ነፍሱን ይማረው፣ ጭንቅላቱ ባይነካ እዚያ ውስጥ አይገባም ነበር አለች። ደሜ ፈላ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ልክ ያኔ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ታውቀዋለህ፣ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት። ሰማችሁ? አልኳቸው። አዎ አሉ። አያችሁትስ? አልኩ። ሁሉም ቀና አለ፤ ከላያችን ያለው የድንኳኑ ሸራ ብቻ ነው። እንግዲያው ሁላችሁም አብዳችኋል፣ ሂዱና ክኒን ይጨመርላችሁ! አልኩ።

ሰላም እማዬ ተይ እያለች ቀሚሴን ትጎትተኛለች። አልተውኩም፤ ከሐኪሙ ጀምሬ እስከ ቦዩ ድረስ ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ያቺ ሴትዮ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝና፣ ለካ አላየኝም ነበር፣ ኮርቶብኝ ይመስለኝ ነበር ብላ አለቀሰች።

ጌትዬ፣ ግላኮማ በቤተሰብ ይወረሳል ስለተባለ ሰላምን ዓይኗን አስመርምሬያታለሁ፣ ደህና ናት። ስምህን ጠርቶ እብድ የሚል ካለ ደግሞ እኔ በሕይወት እያለሁ አልለቀውም። ወንበርህ በረንዳው ላይ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ሽንኩርቱን አስቀምጬ ቀና እላለሁ። የጭነት ይሁን የሰው ዛሬም አልለይም፤ ጎማው መዘርጋቱን ግን አያለሁ። አየሁልህ፣ እውነትህን ነው፣ አለ እልሃለሁ።

ያንተው አሰለፈች