በወንድሜ ስም የቀዘፍኳቸው ሦስት ውድድሮች

መቱ፣ መስከረም ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ዳምጤ ወልዴ
የኢሉባቦር ታንኳ ቀዛፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
መቱ

አመልካች፦ ዋሪቱ ዲንቃ፣ በያዮ፣ ገባ በተባለው ወንዝ መሻገሪያ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በወንድሜ በኩማ ዲንቃ ስም የተመዘገቡት ሦስት ድሎች ወደ ስሜ ተዛውረው ለካርቱም ውድድር እኔ እንድላክ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

፩. አባቴ ዲንቃ ኢቲቻ ከበደሌ ወደ መቱ የሚያልፈውን መንገደኛ በታንኳ ሲያሻግር የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ሲደክም መቅዘፊያውን ለወንድሜ ለኩማ ሰጠው። ኩማ ግን ውሃ ይፈራ ስለ ነበር መቅዘፊያው እኔ እጅ ገባ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት ከበጋ ያሻገርኩት እኔ ነኝ።

፪. በ፲፱፻፵፯ ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ከሱዳን ቀዛፊዎች ጋር ውድድር እንደሚደረግ ሲነገር ማኅበሩ የአሻጋሪ ልጆችን ጠራ። እኔም ቀረብኩ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ወልደ ማርያም፣ «የአባት ሙያ የሚመዘገበው በወንድ ልጅ ስም ነው፤ አንቺ ቅዘፊ እንጂ ስሙ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ሞኝ ነበርኩና እሺ አልኩ። ይህን ጥፋቴን ከክቡርነትዎ አልደብቅም።

፫. በባሮ አንደኛ ወጣሁ። በ፵፰ እና በ፶ ዓ.ም. ደግሞ ማላካል ድረስ ሄጄ በነጭ ዓባይ ላይ የሱዳኑንም የግብፁንም ወንድ ቀደምኩ። ሴት መሆኔን የማላካል ሕዝብ በሙሉ አይቷል፤ ያላየው የማኅበሩ መዝገብ ብቻ ነው። መቱ ስንመለስ ገበያ መካከል ቆሞ ዋንጫውን የሚቀበለው ኩማ ነበር። እኔ መዳፌ እንደ ተላጠ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እልል አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ እልል አልኩ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

፬. ባለፈው ሐምሌ የካርቱም ጥሪ ሲመጣ የሚላከው ኩማ ነው ተባለ። ከተማው ትልቅ፣ እንግዳው ብዙ ነው፤ ሴት መላክ ያሳፍራል ተባለ። ወንድሜን አልጠላውም፤ ነገር ግን አራት ዓመት ሲሞገስ ከርሞ አሁን እሱም የቀዘፈ መስሎታል። የገባን ወንዝ በበጋ እንኳ በእግሩ የማይደፍር ሰው ነው። እናታችን ሽብሬም፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ ነው፤ ቤታችን እንዳይዋረድ ዝም በይ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይበቃኛል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ክንዴ ሌላ ጥሪ እስኪመጣ አይጠብቅልኝም።

፭. ይህንኑ ነሐሴ ላይ አመልክቼ ነበር። አቶ ወልደ ማርያም ከማመልከቻዬ ግርጌ ያለውን የጣት አሻራ አይተው፣ መስመር የለውም፣ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጣሽ» ብለውም ዘለፉኝ። ላሟስ የዋለችው እኔ ዘንድ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት መቅዘፊያ የጨበጠ አውራ ጣት እንደ ወንዝ ድንጋይ ይለሰልሳል እንጂ ምን መስመር ይኖረዋል?

፮. ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በጋምቤላና በማላካል ዋንጫዎቹን ስረከብ የኩማ ስም በተጻፈባቸው ሦስት ደረሰኞች ላይ አውራ ጣቴን ያተምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መስመር የለውም ብሎ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ደረሰኞቹ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ አሉ። ክቡርነትዎ ሣጥኑን ያስከፍቱልኝ፤ ኩማም ተጠርቶ ጣቱን ከጎናቸው ያትም። የእሱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደረሰኞቹ ላይም መስመር ከተገኘ እኔ ውሸታም ነኝ፤ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ልሙጥ ቀለም ብቻ ከተገኘ ግን ስሜን ይመልሱልኝ፤ ካርቱምም ይላኩኝ።

ታንኳው ጥቅምት ሳይጠባ ከጋምቤላ ይነሣልና ፍርድዎ እንዳይዘገይብኝ እማጠናለሁ። ከስሜ በታች ያለው የፈሰሰ ቀለም አይደለም፤ አውራ ጣቴ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ዋሪቱ ዲንቃ
(የአውራ ጣት ምልክት)

ቃሏን ሰምቶ የጻፈው፦ አሰፋ ደበሳ፣ በመቱ ገበያ ደብዳቤ ጸሐፊ