የአባባ ቀይ ባትሪ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የጀርባህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ያስቃስትሃል? በልተህ ታድራለህ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኛ የአንተ ናፍቆት እንዳለ ሆኖ በጤና አለን። አለን ስል ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩህ።

ስልካችን ለምን እንደማይጠራ ሳትጨነቅ አትቀርም። አባባ አርደውታል። አንተ የላክህላቸውን ስልክ ፈተው ባትሪውን አወጡና ለእጅ ባትሪ አደረጉት። እኔም እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ማር ሲቆርጡ ንብ ነድፏቸው፣ ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ተሸክመን ጤና ጣቢያ እንዳደረስናቸው ታስታውሳለህ። ሐኪሙ ሌላ ንድፊያ አይችሉትም ብሎናል። አባባ ግን ከቀፎ ራቁ ቢሏቸው የሚሰሙ ሰው አይደሉም። ንብ ቀይ ብርሃን አታይም ብለው፣ አመሻሽ ላይ ቀፎ የሚከፍቱበት ኤል ኢ ዲ የሚሏት ቀይ ትንሽ አምፖል ያለችው የእጅ ባትሪ በጣሳ ቆርቆሮ ሠሩ። ብልሃቱስ ጥሩ ነበር። የቸገረው በምን ይብራ የሚለው ነው።

ጎረቤታችን ራዲዮ ጠጋኙ፣ ቀይ መብራት ብዙ አይጠይቅም፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይና ኃይሉን የምትቀንስ አንዲት ሬዚስተር ይበቁታል፣ ሰማያዊ ቢሆን ነበር ሦስት የሚፈልገው አለኝ። እኔም ድንጋዩንም የስልኩን ባትሪም ጓዳ ውስጥ እስኪያልቁ አብርቼ አየኋቸው። ድንጋዩ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቀስ በቀስ እየደከመ ነው የጠፋው። ቀፎ ከድኖ ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል። የስልኩ ባትሪ ግን እንደ ደመቀ ቆይቶ ቆይቶ ድርግም አለ። ጠጋኙ እንደሚለው፣ ሊያልቅ ሲል መብራቱን የሚቆርጥ ነገር ውስጡ አለ። ቀፎው ተከፍቶ፣ ንቡ እጃቸው ላይ እየተርመሰመሰ ድንገት ሲጨልም አስበው።

የስልኩን ባትሪ ጠጋኙ ዘንድ አስሞልቼ ይህንኑ ለአባባ አሳየኋቸው። ሲጠፋ አዩትና፣ «መሄድ ካልቀረ እንዲህ ነው» አሉ። እኔ የመብራቱን ነገር መስሎኝ ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም፤ ተነስታ ወጣች። በማግስቱ ተደብቄ የስልኩን ባትሪ አወጣሁና አዲስ ድንጋዮች ከተትኩበት። አመሻሹ ላይ ከፍቼ ሳየው የስልኩ ባትሪ ቦታው ተመልሷል፤ ድንጋዮቹ ትራሴ ሥር ተቀምጠዋል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አበባው ረግፏል፤ ማሩ የሚቆረጠው በሚመጣው ሳምንት ነው። ዘንድሮ ረዳት አልፈልግም፣ ብቻዬን ነው የምሄደው ብለዋል። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። እኔ ብናገር ብናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አንተን ግን ይሰማሉ። ድንጋዩን ይጠቀሙ፣ ብቻዎንም አይሂዱ ብለህ በገዛ እጅህ ጻፍላቸው። መልስህ ማሩን ይቀድም እንደሆነ ግን እንጃ።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። አክስታችን ጉልበቷን እያሸች ትመርቅሃለች። ጠጋኙም ሰላም ብሎሃል፤ ስልኩን ነፍስ ሊዘራበት አልቻለም። አባባ ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር፣ መቼ እንደሚመጣ ጠይቂልኝ ማለት ልማዳቸው ነበር። ዛሬ ምን ልጻፍልዎት ብላቸው፣ ሰላም በይልኝ ብቻ አሉ። መምጫህን አልጠየቁም።

እህትህ

ከቤታችን፣ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን